ዳገት ላይ የሚደክም ቱርቦ መኪና፦ አየር የሚተነፍስበትን ቦታ እንዴት ታገኙታላችሁ?

"ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሃረጎ ዳገት ላይ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ነዳጅ ስረግጥ ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ ከኮፋኖው ሥር ፉጨት ይሰማኛል። ቱርቦው ሞቷል ማለት ነው?"

ጠያቂው ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

ቱርቦው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ግን እሱን አስፈትታችሁ ሱማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ዋጋ ከማስጠየቃችሁ በፊት፣ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለው የአየር መስመር ይተነፍስ እንደሆነ ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ ወይም የላላ ፋሸታ (ቱቦውን አፉ ላይ የሚያጠብቀው ቀለበት) ሆኖ ይገኛል። ለፈተናው የሚያስፈልገውም ከቧንቧ ዕቃ መሸጫና ከጎሚስታ የሚገኝ ነው።

"የደሴ አየር ስስ ስለሆነ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ደሴ ሲደርስ 6 ወይም 7 በመቶ ቢቀንስበት ደንብ ነው። ቱርቦ ግን የተሠራው ስሱን አየር አጭቆ ለማስገባት ስለሆነ አብዛኛውን ያካክሰዋል። ሁልጊዜ በአራተኛ ማርሽ የምትወጡትን ዳገት አሁን በሁለተኛ ካስወጣችሁ ከፍታውን አትክሰሱ።

በቅድሚያ መኪናችሁ ቱርቦ እንዳለው እርግጠኛ ሁኑ። ዋን ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድ ክሩዘርና ፋይቭ ኤል ሞተር ያለው ሀይኤስ ከፋብሪካ ሲወጡ ቱርቦ የላቸውም። ዲ ፎር ዲ ሀይሉክስና ፕራዶ እንዲሁም የሲኖትራክ ሀዎ ግን አላቸው።

አየሩ የሚሄድበት መንገድ

አየሩ በፊልትሮ ይገባና በጎማ ቱቦ ወደ ቱርቦው ይሄዳል። ቱርቦው አጭቆ ወደ ኢንተርኩለር ይልከዋል፤ እዚያ ቀዝቅዞ በሌላ ቱቦ ወደ ሞተሩ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ይገባል። ቀዳዳው ከቱርቦው በፊት ከሆነ ሞተሩ ያልተጣራ አየር ከነአቧራው ይስባል። ከቱርቦው በኋላ ከሆነ ደግሞ የተጨመቀው አየር ወደ ውጭ ይወጣል። ያን ጊዜ ናፍጣው የሚቃጠልበት አየር ስለሚያንሰው በጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቱርቦውም የጎደለውን ለመሙላት ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። በእኛ ከፍታ ቱርቦው ቀድሞውንም ጠንክሮ ስለሚሠራ እንዲህ ሆኖ ከተነዳ በኋላ በእርግጥም ይሞታል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ካቻቢቴና ለፋሸታዎቹ የሚሆን መፍቻ
- 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፒቪሲ ቧንቧና ልክክ የሚል ክዳኑ (ለግፊት ውሃ የሚሆነውን ወፍራሙን፤ የፍሳሹ ስስ ስለሆነ አይሆንም)
- የቧንቧ ማጣበቂያ
- ካላማደሪያ በሌለው ጎማ ላይ የሚገባ ቫልቭ፣ 2
- ኮምፕረሰር፣ ግፊት መቀነሻ ሬጉላተርና በትንሽ ግፊት በትክክል የሚያነብ ጌጅ
- ፈሳሽ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በሚረጭ ጠርሙስ
- ባትሪ፣ ደማቅ ቀለም ያላቸው ጨርቆች፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር
- ለጎማ ታኮ

ሬጉላተር ከሌላችሁ ሥራውን አትጀምሩ፤ ተከራዩ ወይም ተዋሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ልብ በሉ

የጎሚስታ ኮምፕረሰር ከ6 እስከ 8 ባር ግፊት ይይዛል። እኛ የምንፈልገው ከ1 ባር የማይበልጥ ነው። ሬጉላተር ሳይኖር በቀጥታ ከለቀቃችሁበት ኢንተርኩለሩ ሊፈነዳ፣ የሞተሩ የዘይት ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ጎማ) ሊወጣ፣ የፒቪሲ ክዳኑም እንደ ጥይት ሊፈናጠር ይችላል። ግፊት እያለ ከክዳኑ ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ረዳታችሁንም አታቁሙ።

ፈተናው የሚሠራው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ቱቦው ተፈትቶ ሞተር አይነሳም፤ ቱርቦው ጨርቅም ጣትም ይስባል።

አንዳንዱ ሞተሩን አስነስቶ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ እየረጨ ድምፁ ሲለወጥ ያዳምጣል። የጋለ ቱርቦ አጠገብ ይህ እሳት መጥራት ነው። ሳሙና ይበቃችኋል።

አሠራሩ

1. መኪናውን ለጥ ያለ ቦታ አቁሙ። ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነውና ከጎማው ሥር ታኮ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ፤ የመኪናውን ቁልፍ አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ቱርቦው እጅ ከማቃጠሉም በላይ የጋለ ጎማ ስንጥቁን ደብቆ ሊይዝ ይችላል።

2. በዓይንና በእጅ ፈትሹ። ከቱርቦው መውጫ ጀምራችሁ እስከ ማኒፎልዱ ቱቦውን እየተከተላችሁ ሂዱ። በዚህ መስመር ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ የዘይት ወዝ አለ፤ ያ ጤነኛ ነው። ቱቦው ሲተነፍስ ግን ወዙ ከአየሩ ጋር ወጥቶ የመንገድ አቧራ ይይዝና ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ይጋገራል። ከሌላው ቦታ ተለይቶ የረጠበና የጠቆረ ጥግ ካያችሁ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ቱቦዎቹን ጨመቅ፣ ጠምዘዝ አድርጉ። ብዙ ስንጥቅ ከላይ አይታይም፤ በታችኛው ጎን፣ በተለይ ቱቦው ከብረት ጋር በሚፋተግበትና በሚታጠፍበት ቦታ ይሸሸጋል። እጃችሁን ከሥር አስገብታችሁ በጣት ዳስሱ።

3. ከቱርቦው በፊት ያለውን ክፍል ለብቻው እዩ። ይህኛው ጉልበት ስለማይቀንስ ማንም አያስብበትም፤ ሞተር የሚጨርሰው ግን እሱ ነው። የፊልትሮውን ቤት ክፈቱና ከፊልትሮው በኋላ ያለውን የቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ደህና ነው። ቡናማ አቧራ ካመጣ ግን ፊልትሮው ገጥሞ አልተቀመጠም፣ ወይም የቤቱ ክሊፕ ተሰብሯል፣ ወይም በፊልትሮውና በቱርቦው መካከል ያለው ቱቦ ተቀዷል። ብዙ ጊዜ የማገኘው በአየር እየተነፋ ስንት ጊዜ የተመለሰ ፊልትሮ ነው፤ የዳር ጎማው ተጠፍጥፎ አቧራው በጎኑ ያልፋል። ወረቀቱን ወደ ባትሪ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፤ ነጥብ ነጥብ ብርሃን ካሳለፈ ተበስቷልና ይጣል። የቱርቦው ምላጭ ጫፍ ተበልቶ ካያችሁት አቧራው ቆይቷል ማለት ነው።

4. የመፈተሻ ክዳኑን ሥሩ። ከቱርቦው መግቢያ ላይ ያለውን ቱቦ ፈትታችሁ የውስጥ ስፋቱን ለኩ። ለፒክአፕና ለቤት መኪና ብዙ ጊዜ 50 ወይም 63 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይቀርበዋል፤ ለጭነት መኪና 90 ወይም 110። ክዳኑን በቧንቧው አንድ ጫፍ ላይ አጣብቁና በማጣበቂያው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ይድረቅ። ክዳኑን ለሁለቱ ቫልቮች በ11 ሚሊ ሜትር ገደማ ብሱና ከውስጥ ወደ ውጭ ጎትታችሁ አስገቡ። ከአንደኛው ውስጥ መርፌውን አውጡ፤ አየር የሚገባው በሱ ነው። መርፌው ካልወጣ አየሩ በቀጭኑ ስለሚገባ ግፊቱ አይነሳላችሁም። ሁለተኛው መርፌው ይኑርበት፤ በሱ ላይ ጌጅ እየሰካችሁ ውስጥ ያለውን ግፊት ታነባላችሁ።

5. ክዳኑን በቱርቦው መግቢያ ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ በፋሸታ አጥብቁ። ለጥንቃቄ ሽቦ ወይም ጠንካራ ገመድ አሳልፋችሁ ከሞተሩ ጋር እሰሩት። ከመዝጋታችሁ በፊት በባትሪ ወደ ቱርቦው ውስጥ ተመልከቱ፤ የወደቀ ብሎን ወይም የተረሳ ጨርቅ መኖር የለበትም። እግረ መንገዳችሁን የቱርቦውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዛችሁ ሞክሩት። ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ ችግር የለውም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ወይም ምላጩ ግድግዳውን ከነካ ግን ቱርቦው ራሱ ታሟል፤ አየር የሚተነፍስ ቦታ ብታገኙም የሱ ጥገና አይቀርም።

6. የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ለዩ። በብዙ ሞተሮች ከላይኛው የቫልቭ ክዳን ተነስቶ ወደ ቱርቦው መግቢያ የሚመጣ ቱቦ አለ። እሱን ካልነቀላችሁት የምትለቁት አየር በቀጥታ ወደ ዘይት ቤቱ ገብቶ ሲሎቹን ይገፋል። ንቀሉት፤ በቱርቦው በኩል ያለውን አፍ ድፈኑ፤ በሞተሩ በኩል ያለውን ክፍት ተዉት። የዘይት መሙያውንም ክዳን ክፈቱ፤ በፒስቶን ቀለበት ሾልኮ ወደ ታች የሚወርደው አየር መውጫ ያገኛል። ጭነት መኪና ከሆነ የፍሬን ኮምፕረሰሩ አየር የሚስበው ከዚሁ መስመር ሊሆን ስለሚችል ቱቦውን ተከታተሉና ካለ ድፈኑት።

7. ሬጉላተሩን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ አየሩን አገናኙ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ 0.3 ባር አድርሱት። እዚህ ላይ ቁሙና አዳምጡ። ትልቁ ቀዳዳ በዚህ ግፊት ራሱን ያሳያል፤ ሳሙናም አያስፈልገውም። ራዲዮውን ዝጉ፤ ጎረቤት ያለውንም ግራይንደር ለጥቂት ደቂቃ አስቁሙ፤ ኮምፕረሰሩም ከሞላ በኋላ ይጥፋ።

8. ትልቅ ነገር ካልተሰማ ወደ 0.7 ባር ከፍ አድርጉ። 1 ባር የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ጎማ በፒኤስአይ ለለመዳችሁ 0.7 ባር 10 ያህል፣ 1 ባር ደግሞ 14.5 ፒኤስአይ ነው። ከዚህ በላይ መጨመር ደህናውን መስበር ነው፤ ለቀዳዳ ፍለጋ የሚጨምረው የለም።

9. ሳሙናውን በቅደም ተከተል ርጩ። መጀመሪያ የራሳችሁን ክዳንና ቫልቮች፤ እነሱ ከተነፈሱ ቀሪው ልኬት ሁሉ ይሳሳታል። ከዚያ የቱርቦውን መውጫ፣ ወደ ኢንተርኩለር የሚሄደውን ቱቦ፣ የኢንተርኩለሩን ሁለት አፎች፣ ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ የሚጋጠሙበትን መስመር፣ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ቱቦ፣ የግፊት ሴንሰሩን መቀመጫ፣ በመጨረሻም የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል ያለውን ማሸጊያ)። አንድ ቦታ ረጭታችሁ ቶሎ አትለፉ። ትልቁ ቀዳዳ ሳሙናውን ገፍቶ ስለሚበትነው አረፋ ላይሠራ ይችላል፤ ትንሹ ደግሞ የጥፍር ጫፍ የምታህል ነጭ አረፋ ቀስ ብሎ ያሳድጋል። እየረጫችሁ ቱቦውን በሌላ እጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ እንዲህ ነው የሚያዘው። የኤሌክትሪክ ሶኬቶችን ግን አታርጥቡ።

10. ከሌላ ቦታ የሚሰማውን አየር ለዩ። ከዘይት መሙያው በኩል ቀስ ያለ ትንፋሽ ብትሰሙ አብሽሩ፣ ያለ ነው። ሞተር ድፍን ጠርሙስ አይደለም፤ ሁልጊዜ አንድ ቫልቭ የሆነ ቦታ ክፍት ስለሆነ ግፊቱ እየወረደ ይሄዳል። "አልያዘም" ብላችሁ አትደንግጡ። በማርሚታው በኩል ብዙ አየር ከወጣ ግን ግፊቱን ወደ ዜሮ መልሳችሁ ሞተሩን በፊተኛው ፑሊ ብሎን ላይ በመፍቻ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ሩብ ዙር ያህል አዙሩትና እንደገና ሞክሩ። ድምፁ ከቀነሰ የቫልቭ አቀማመጥ ጉዳይ ነበር። እንዳለ ከቀጠለ ጭስ ወደ መግቢያው የሚመልሰው ቫልቭ፣ ኢጂአር የሚባለው፣ ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል እሱን ፍቱና ጥላሸቱን አጽዱ።

11. ግፊቱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። በጌጁ ዜሮ መሆኑን ሳታዩ ፋሸታ አትንኩ።

ስትጠግኑ

ቱቦው ከአፉ የተንሸራተተ ብቻ ከሆነ አውጡት፤ የቱቦውንም የብረቱንም ጫፍ ከዘይት አጽዱና አድርቁ። ዘይት ላይ የተጠበቀ ፋሸታ ሃረጎን ሳትጨርሱ ተመልሶ ይንሸራተታል። ፋሸታው ከቱቦው ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከብረቱ ጉብታ ኋላ ይቀመጥ። እስከ ጥግ አታጥብቁት፤ ተራው ፋሸታ ጎማውን ይቆርጠዋል። ለጭነት መኪና ሰፊውንና በብሎን የሚጠብቀውን ዓይነት ግዙ።

የተቀደደ ቱቦ ይቀየራል። በካላማደሪያ ቁራጭ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል ከሚሌ እስከ ኮምቦልቻ ለመድረስ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። የራዲያተር ጎማ ቆርጦ መተካትም የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክርም። ለውሃ የተሠራ ስለሆነ የዘይት ወዙ ከውስጥ ያብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ቆይቶም ተላልጦ ቁራጩ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ዘይትና ሙቀት የሚችል፣ ውስጡ ጨርቅ ያለው የቱርቦ ቱቦ ጠይቁ።

ኢንተርኩለሩ ሙሉ አሉሚኒየም ከሆነ በአርጎን የሚበይድ ባለሙያ ያድነዋል። ዳሩ ፕላስቲክ ከሆነና በመጋጠሚያው ከተነፈሰ ግን መቀየር ነው። ማስቲሽና ሲሊኮን ከውጭ መቀባት የመጀመሪያውን ዳገት አይሻገርም።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

አንደኛው፣ ፈተናውን ከኢንተርኩለሩ መጀመር ነው። እንዲህ ሲሆን የቱርቦው መውጫ ቱቦ ሳይታይ ይቀራል፤ በሙቀቱ ምክንያት ቶሎ የሚሰነጠቀው ደግሞ እሱ ነው። ሁልጊዜ ከቱርቦው መግቢያ ጀምሩ።

ሁለተኛው ጨርቅ መርሳት። ክፍት ቱቦ ላይ የምትወትፉት ጨርቅ ቀይ ወይም ቢጫ ይሁን፤ ስትጀምሩ ቆጥሩት፤ ስትጨርሱም ቆጥሩት።

ሦስተኛው አንድ ቀዳዳ አግኝቶ ማቆም ነው። ትልቁ ሲደፈን ግፊቱ ስለሚነሳ የተደበቀው ትንሹ ይወጣል። ጠግናችሁ እንደገና ፈትሹ።

አራተኛው በመመርመሪያ ማሽን የሚታየውን የሴንሰር ንባብ አለመረዳት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር የአካባቢውን አየር ያነባል፤ ደሴ ላይ 75፣ ኮምቦልቻ ላይ 81 ኪሎ ፓስካል ገደማ። የጥገና መጽሐፉ ላይ 100 ስለተጻፈ ብቻ ደህናውን ሴንሰር የሚቀይር አለ። 100 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ቱርቦው የጨመረውን ለማወቅም ዳገት ላይ ከምታነቡት ቁጥር ላይ ይህንኑ የአካባቢውን ቀንሱ፦ ደሴ ላይ 165 ካነበበ ቱርቦው የጨመረው 90 ነው፤ ወደ 0.9 ባር ማለት ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ

መተንፈሻ ቱቦውን መልሱ፤ የዘይት ክዳኑን ዝጉ፤ የደፈናችሁትን ሁሉ ክፈቱ። ሞተሩን አስነስታችሁ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ ከዚያ በዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት ካለ የስህተት ኮዱን በመመርመሪያ ማሽን አጥፉ። ፒ 0299 የሚለው ኮድ የቱርቦው ግፊት ከታዘዘው በታች መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ "ቱርቦ ቀይር" የሚል ትእዛዝ አይደለም።

ለሙከራ ዳገቱን በአንድ ማርሽ ሳትቀያይሩ፣ ነዳጁን ረገጥ አድርጋችሁ ውጡ። ማሽኑን የሚያነብ ሰው ከጎናችሁ ይቀመጥ፤ የታዘዘውና የተገኘው ግፊት ተቀራርበው መውጣት አለባቸው። ጭሱ ከቀነሰና ፉጨቱ ከጠፋ መስመሩ ተዘግቷል።

መስመሩ ምንም ሳይተነፍስ ድካሙ ካለ ወደ ሌላ ሂዱ፦ የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የቱርቦውን ግፊት የሚቆጣጠረው ክንድ ተጣብቆ መቅረት፣ ወደዚያ የምትሄደው ቀጭን ጎማ መሰንጠቅ፣ የማርሚታ መደፈን። በዚህ ቅደም ተከተል ብትጀምሩ ርካሹን ከውዱ አስቀድማችሁ ታያላችሁ።